«እኛ» የሚለው ቃል ዋጋው ስንት ነው?

አንድ የሙዚቃ ሥራ ገበያ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ሦስት ነገር ተጽፎ እናገኛለን፤ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ። ካሴት እየገዛ ያደገ አድማጭ እነዚህን ሦስት መስመሮች በቃሉ ያውቃቸዋል። ከእነሱ በታች ደግሞ ፊደሉ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ የአጃቢዎች፣ የተቀባዮችና የቀረጻ ባለሙያዎች ስም ይከተላል። ዓይኑ ደህና የሆነ ያነበዋል፤ ሌላው ያልፈዋል። ሥራው ሲወደድ የሚመሰገነው፣ ሲጠላም የሚወቀሰው ስሙ በትልቁ የተጻፈው ሰው ነው። ለመሆኑ ይህ ልማድ ምን ያህል እውነት ነው? በትንሹ የተጻፉት ሰዎች ቢወጡ ከሥራው ምን ይቀራል?

ጥያቄው የግምት ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ አልበም ላይ በእርግጥ የተሞከረ ጉዳይ ነው። አልበሙ የእንግሊዙ አንጋፋ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ በማርች 1973 ያወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «የጨረቃ ጨለማው ገጽ» እንበለው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዓለም ዙሪያ ከ45 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይገመታል። በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበሞች ሠንጠረዥ ላይ ከ1973 እስከ 1988 ድረስ በድምሩ 741 ሳምንት ቆይቷል።

አልበሙ 50 ዓመት በሞላው በ2023 የባንዱ የቀድሞ ቤዝ ጊታሪስትና ገጣሚ ሮጀር ዋተርስ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ቀርጾ አወጣው። ከጥንት ጓደኞቹ አንድም ሰው አልጠራም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በሰጠው ቃልም አልበሙን የጻፈው እሱ መሆኑን፣ ይህ «እኛ» የሚባለው ነገርም መቅረት እንዳለበት ተናግሯል። እንግዲህ ባለጉዳዩ ራሱ ክርክሩን ከፈተው። እኛም በሽፋኑ ጀርባ የተጻፉትን ስሞች አንድ በአንድ እየቆጠርን እንከተለው።

ከአራቱ እንጀምር

ፒንክ ፍሎይድ በ1965 ለንደን ውስጥ የተቋቋመ ባንድ ነው። የመጀመሪያው መሪው ሲድ ባሬት በአእምሮ መታወክ ምክንያት በ1968 ከተለየ በኋላ አራት ሰዎች ቀሩ፤ ዋተርስ፣ ጊታሪስቱና ድምፃዊው ዴቪድ ጊልሞር፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት፣ ድራመሩ ኒክ ሜሰን። «የጨረቃ ጨለማው ገጽ» ስምንተኛው የስቱዲዮ አልበማቸው ነበር። ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ እብደትና ስለ ሞት የሚናገር፣ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆራረጥ የሚደመጥ አንድ ወጥ ሥራ ነው።

የግጥሞቹ ሁሉ ደራሲ ዋተርስ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሰው በዕለት ተዕለት ኑሮው ከአእምሮው የሚያወጡትን ነገሮች በአንድ አልበም እንያዝ የሚለው ሐሳብም ከእሱ ነው የመጣው። ዜማውን ስናይ ግን ሌላ ስሌት እናገኛለን። ከአሥሩ ክፍሎች ዋተርስ ብቻውን የተመዘገበባቸው ሦስት ናቸው፤ «ገንዘብ» እና የመጨረሻዎቹ ሁለቱ። ራይት ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር በአምስቱ ላይ አለ። «እኛና እነሱ» የተባለው ዝግ ያለ ውብ ዘፈን የተነሣው ራይት ለጣሊያናዊው ዳይሬክተር ለአንቶኒዮኒ «ዛብሪስኪ ፖይንት» ፊልም (1970) ከሠራው፣ ዳይሬክተሩም ሳይቀበለው ከቀረ የፒያኖ ቁራጭ ነው። በመጀመሪያው ዘፈን ውስጥ ሰውን ቆም የሚያደርገውን አንድ ኮርድም ከማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» እንደወሰደው ራይት ተናግሯል።

ስለዚህ «እኔ» የሚለው ቃል ገና አራቱ መካከል ሳለን አልጸናም። ብዙ ሐያሲያን ግን እዚህ ላይ ያቆማሉ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ከዚህ በታች ነው።

ደመወዝተኛው መሐንዲስ

አልበሙ ከሜይ 1972 መጨረሻ አንሥቶ እስከ 1973 መጀመሪያ፣ በሰሜን ለንደን በሚገኘው የኢ.ኤም.አይ ስቱዲዮ ተቀረጸ። ቢትልሶች የሠሩበት፣ ዓለም «አቢይ ሮድ» እያለ የሚጠራው ቤት ነው። የድምፅ መሐንዲሱ አለን ፓርሰንስ ነበር። ያን ጊዜ ገና የሃያ ሦስት፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። ቀደም ሲል ቢትልሶች «አቢይ ሮድ» የተባለውን አልበም ሲቀርጹ በረዳትነት ሠርቷል። የኩባንያው ተቀጣሪ እንደመሆኑ ይህን አልበም የቀረጸው በሳምንት 35 ፓውንድ ገደማ ደመወዝ ነው።

«ታይም» ወይም «ጊዜ» የተባለውን ዘፈን ያደመጠ ሰው መግቢያውን አይረሳም። ጸጥታ ውስጥ ጥቂት ሰዓቶች ቀጭ ቀጭ ሲሉ ይቆዩና በድንገት ሁሉም ባንድ ጊዜ ይደውላሉ። ግድግዳ ሰዓት፣ የማንቂያ ሰዓት፣ ደወሉ የሚጎረብጥ፣ ደወሉ የሚቀጥን፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ሕይወቱ እንዳለፈችው በዚያች ቅጽበት ይነገረዋል። ይህ የባንዱ ድርሰት አይደለም። ፓርሰንስ ከዚያ ቀደም ብሎ በአራት ድምፅ ማጉያ የሚደመጠውን አዲስ የቀረጻ ስልት ለማሳየት ወደ አንድ ሰዓት ቤት ሄዶ እያንዳንዱን ሰዓት ለየብቻው ቀርጾ አስቀምጦ ነበር። ባንዱ ስለ ጊዜ ዘፈን እየሠራ መሆኑን ሲያይ «ይህ ነገር አለኝ» ብሎ አቀረበ። ከሰዓቶቹ በኋላ ሜሰን ሮቶቶም በተባሉ ትንንሽ ከበሮዎች የሚጫወተው ዝግ ያለ መግቢያ ይከተላል። ቃል ከመዘፈኑ በፊት ከሁለት ደቂቃ በላይ ያልፋል። አድማጩ የዘፈኑን ፍሬ ነገር ከግጥሙ አስቀድሞ በጆሮው ይረዳዋል።

«ገንዘብ» የተባለውን ዘፈን የሚከፍተው የሳንቲምና የሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅ ደግሞ የዋተርስ ሐሳብ ነው። በመጀመሪያ ሸክላ ሠሪ የነበረችው ባለቤቱ ጭቃ በምታቦካበት ገበቴ ውስጥ ሳንቲም እየወረወረ ነበር የቀረጸው። ወደ ስቱዲዮ ሲመጣ ግን ሐሳቡ የእጅ ሥራ ጠየቀ። ድምፆቹ የተቀዱበት ክር በማስመሪያ እየተለካ በእኩል ርዝመት ተቆረጠ። ሰባት ቁራጭ ተቀጣጠለ። ጫፍና ጫፉ ተያይዞ ቀለበት ሆነና በማይክሮፎን ማቆሚያ ላይ እየዞረ እንዲጫወት ተደረገ። የዘፈኑ ሰባት ምት የተነሣው ከዚህ ቀለበት ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሁለት ደቂቃ ሥራ የሆነው ያን ጊዜ መቀስ፣ ማጣበቂያና የማይንቀጠቀጥ እጅ የሚፈልግ ነበር።

ቀረጻው አልቆ ድምፆቹን የማመጣጠኑ ሥራ ሲደርስ ሌላ ሰው ተጠራ። የባንዱ አባላት በኋላ እንዳወሩት፣ ዋተርስና ሜሰን ድምፁ ደረቅና ግልጽ ሆኖ ንግግሮቹም ጎልተው እንዲሰሙ ይፈልጉ ነበር። ጊልሞርና ራይት ደግሞ ኢኮው የበዛ፣ ለስላሳና የተሸፋፈነ ድምፅ መረጡ። ክሪስ ቶማስ የመጣው በዚህ መካከል እንደ ሽማግሌ ነው። በ1968 ቢትልሶች ነጭ ሽፋን ያለውን አልበማቸውን ሲሠሩ ከጆርጅ ማርቲን ጎን የነበረ ሰው ነው፤ በኋላም የሴክስ ፒስቶልስን የ1977 አልበም በመሥራት ይታወቃል። ዛሬ ይህን አልበም ስናደምጥ ንግግሩ ጥርት ብሎ ሲሰማን፣ ከኋላው ግን ሰፊ ሰማይ ያለ ሲመስለን፣ የሁለቱ ወገኖች ፍላጎት ታርቆ መሰማቱ ነው። ዕርቁን ያወረደው የባንዱ አባል ያልሆነ ሰው ነው።

ሳክስፎኑና ተቀባዮቹ

ዲክ ፓሪ የጊልሞር የካምብሪጅ ወዳጅ ነው። ሁለቱ ገና ወጣት ሳሉ እዚያው ከተማ አብረው ተጫውተዋል። ባንዱ ሳክስፎን ሲፈልግ የለንደንን ስመ ጥር ተጫዋቾች ትቶ እሱን ጠራ። በ«ገንዘብ» ውስጥ የሚጫወተው ሳክስፎን ሸካራና ተቆጪ ነው፤ የሚጫወተውም በዚያ ባልተለመደ ሰባት ምት ላይ ነው። ጊልሞር በጊታር ሲቀጥል ባንዱ ወደ ቀላሉ አራት ምት ይመለስለታል። እንግዳው በከባዱ መንገድ ሄዶ ባለቤቱ በለሰለሰው ሄደ ማለት ነው። በ«እኛና እነሱ» ውስጥ ግን ያው ሰው፣ ያው መሣሪያ፣ ትንፋሹ ከዜማው ጋር እየተሰማ እንደ አዘነ ሰው ያንጎራጉራል። ዘፈኑ ወታደር ለምን እንደሚሞት የሚጠይቅ ነው። መልሱን ግጥሙ አይሰጥም፤ ሐዘኑን ግን ሳክስፎኑ ይወስደዋል።

ተቀባዮቹ አራት ሴቶች ናቸው፤ ዶሪስ ትሮይ፣ ሌስሊ ደንከን፣ ሊዛ ስትራይክና ባሪ ሴንት ጆን። የባንዱ አባላት አራቱም እንግሊዛውያን ነጮች ናቸው። ድምፃቸው የተቆጠበ፣ ስሜታቸውን ሸሸግ የሚያደርጉ ናቸው። ትሮይ ግን የኒው ዮርክ ጥቁር አሜሪካዊት፣ የሰባኪ ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያደገች፣ በ1963 በራሷ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ የታወቀች ድምፃዊት ናት። በመጨረሻው ክፍል ዋተርስ ሰው በሕይወቱ የሚነካውን፣ የሚያየውን፣ የሚያደርገውን ሁሉ እየዘረዘረ ሲሄድ፣ ግጥሙ በወረቀት ላይ ቢነበብ ዝርዝር ብቻ ነው። ሴቶቹ ከኋላ እየገነፈሉ ሲመጡ፣ የትሮይም ድምፅ ከመስመሩ ወጥቶ ከላይ ሲጮህ ዝርዝሩ ጸሎት ይሆናል። ይህ ለውጥ በግጥም ደራሲው ወረቀት ላይ አልነበረም።

ሠላሳ ፓውንድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ራይት ስለ ሞት የሚያስብ የፒያኖ ዜማ ነበረው። ባንዱ በ1972 በየመድረኩ ሲጫወተው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተነበቡ ቃላት ይገቡበት ነበር፤ በስቱዲዮም ሌላ ነገር ተሞከረበት። አንዱም አልሆነም። በጃንዋሪ 1973 አልበሙ ሊያልቅ ሲል አንድ የሴት ድምፅ ይግባበት ተባለ። ክሌር ቶሪ የምትባል ወጣት ድምፃዊት እንድትጠራ ሐሳብ ያቀረበው ፓርሰንስ ነው። ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። ኑሮዋን የምትገፋው በስቱዲዮ እየተቀጠረች በመዝፈን ነው።

እሑድ ማታ መጣች። ግጥም የለም አሏት። ዜማም የለም። ስለ ሞት ነው፣ ስሜትሽን ተከተይ ተባለች። መጀመሪያ እንደማንኛውም የፍቅር ዘፈን ቃላት ጣል ጣል ስታደርግ አስቆሟት። ከዚያ በኋላ ራሷን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ቆጥራ ዘፈነች። ሁለት ጊዜ ሙሉውን፣ ሦስተኛውን እስከ ግማሽ ድረስ ዘፍና «አበቃሁ» አለች። ከመጠን በላይ የጮኸች ስለመሰላት አፍራ ነበር፤ ሥራው ይገባል ብላም አልገመተችም። የዕለት ክፍያዋ እሑድ በመሆኑ እጥፍ ተደርጎ 30 ፓውንድ ነበር። ተቀብላ ሄደች። ዘፈኗ አልበሙ ውስጥ መኖሩን ያወቀችው ሸክላው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አይታ፣ አንሥታ ጀርባውን ስታነብ ነው።

ይህ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የተባለው ክፍል ነው። የራይት ፒያኖ ብቻውን ይጀምራል፣ የጊልሞር ጊታር ከሩቅ ይከተላል፣ አንድ ሰው መሞትን እንደማይፈራ በተረጋጋ ድምፅ ይናገራል። ድራሙ ሲገባ የቶሪ ድምፅ ይፈነዳል። በመጀመሪያ እምቢታ ነው። ቁጣ ነው። ከዚያ መሐሉ ላይ ይሰክናል፤ ልመና የሚመስል ነገር ይገባበታል። በስተመጨረሻ ኃይሉ እየከዳው፣ እየቀለለ ይሄዳል። አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው ከሞት ጋር ታግሎ፣ ተለማምጦ፣ እጅ ሲሰጥ እንሰማለን። እኛ አገር አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ያየ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ይህኛው ግጥም የሌለው ሙሾ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ኮርዶቹ የራይት ናቸው። ከኮርዶቹ በላይ የሚሄደው ዜማ የማን ነው? ማንም አልጻፈላትም፣ ማንም አላንጎራጎረላትም። ሆኖም በሸክላው ላይ ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ራይት ብቻ ነበር። ቶሪ የተጠቀሰችው በዘፋኝነት ነው። ዘፈኑ በዓለም ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሸጥ ለደራሲ የሚከፈለው ድርሻ እሷ ዘንድ አልደረሰም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው።

በ2004 ቶሪ ባንዱንና ኢ.ኤም.አይን ከሰሰች። በ2005 ጉዳዩ ለንደን ውስጥ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ከመታየቱ በፊት በስምምነት አለቀ። የገንዘቡ ነገር ለሕዝብ አልተገለጸም። የታየው ግን አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ በታተሙት ቅጂዎች ላይ የዘፈኑ ደራሲዎች ሪቻርድ ራይትና ክሌር ቶሪ ተብሎ ይጻፋል። ለዚህች አንዲት መስመር 32 ዓመት ፈጀ።

ባንዱ የሌለበት አልበም

ወደ 2023 እንመለስ። የዋተርስ አዲስ ቅጂ «ሪደክስ» የሚል ቅጥያ ይዞ በኦክቶበር ወጣ። ዋተርስ ይህ የድሮውን ለመተካት ሳይሆን ከጎኑ ለመቆም የተሠራ ነው ብሏል። እኛም በዚሁ እንመዝነው። ለማጣጣል የሚቸኩሉ ብዙዎች ናቸው፤ ግን ፍርደ ገምድል መሆን አይገባም። በሃያ ዘጠኝ ዓመት የተጻፈውን ግጥም በሰማንያ ዓመት ድምፅ መስማት የራሱ ክብደት አለው። ወጣቱ ዓመታት እንዳያመልጡት ፈርቶ የጻፈውን ሽማግሌው ካመለጡት በኋላ በጎርናና ድምፅ፣ በዝግታ፣ ንግግር በሚመስል ዜማ ይለዋል። «ጊዜ» በዚህ ቅጂ ውስጥ በእርግጥ የተጠቀመ ዘፈን ነው።

ችግሩ ግጥሙ ያልነበረበት ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያው አልበም ውስጥ ቃል የሌላቸው፣ ወይም ቃል እምብዛም የማይሰማባቸው ረጃጅም ክፍሎች አሉ። «በሩጫ ላይ» የተባለው የሲንተሳይዘር ግስጋሴ፣ የቶሪ ሙሾ፣ እንዲሁም ጊልሞር፣ ራይትና ሜሰን የደረሱት፣ የዋተርስ ስም የሌለበት የመሣሪያ ጨዋታ ናቸው። በአዲሱ ቅጂ እነዚህ ቦታዎች በዋተርስ ንግግርና ትረካ ተሞልተዋል። የጊልሞር የጊታር ሶሎዎች ቀርተዋል። በሙሾው ቦታ ዋተርስ ስለ ወዳጁ፣ በ2018 ስላረፈው ገጣሚ ስለ ዶናልድ ሆል ሕመምና ሞት ደብዳቤ እየጠቀሰ ይተርካል። ትረካው ቅን ነው፣ ልብም ይነካል። ነገር ግን ስለ ሞት መርዶ ሲነበብልን መስማትና ሞት ራሱ ገብቶ ሲያስጮኸን መስማት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ለማሰብ ይጋብዛል። ሁለተኛው ማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም።

ይህ ቅጂ ሳያስበው ያረጋገጠው ነገር አለ። ባለ ቃሉ ሰው የሌሎቹን እጅ ሲያነሣ፣ ባነሣበት ቦታ ሁሉ የሚያስቀምጠው ቃል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው አልበም ሰፊ የሆነው ግን ግጥሙ ዝም በሚልባቸው ቦታዎች ነው። አድማጩ ገብቶ የራሱን ሕይወት የሚያስብባቸው እነዚያ ናቸው። ሌላም ማስታወስ ያለብን ነገር አለ። ዋተርስ «እኛ» የሚለውን ቃል ለመተው በሠራው በዚህ አልበም ላይ እንኳ ብቻውን አልሠራም። ከእሱ ጋር ፕሮዲውስ ያደረገው ጋስ ሳይፈርት፣ ድራም የመታው ጆይ ዋሮንከር፣ ጆናታን ዊልሰንና ሌሎችም አሉበት። እነሱም ስማቸው በትንሹ ተጽፏል።

«ተከፍሏቸዋል»

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚነሣ እገምታለሁ። አናጢ ቤት ስለሠራ የቤቱ ባለቤት አይሆንም፤ ዋጋውን ተስማምቶ ተቀብሏል፤ ቤቱ ቢሸጥ ቢለወጥ አያገባውም። ፓርሰንስ ደመወዝ ነበረው፣ ፓሪም ተቀባዮቹም ተከፍሏቸዋል፣ ቶሪም 30 ፓውንዷን ቆጥራ ወስዳለች። አልበሙ ከስሮ ቢቀር ኖሮ ገንዘቡን መልሱ የሚላቸው አልነበረም። ታዲያ ሲያተርፍ ለምን ይጠይቃሉ?

ክርክሩ ሚዛን አለው፤ ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንዱ የታዘዘውን በጥሩ ሁኔታ የሚፈጽም ነው። ሁለተኛው ያልታዘዘውን ነገር ከራሱ አምጥቶ የሚጨምር ነው፤ ፓርሰንስ ሰዓቶቹን እንዳመጣው። ሦስተኛው ያልነበረውን ዜማ ራሱን የሚፈጥር ነው፤ ቶሪ እንዳደረገችው። አናጢው የተሰጠውን ንድፍ ይከተላል። ቶሪ ስትጠራ ንድፍ አልነበረም፤ የተጠራችው ንድፍ ስለጠፋ ነው። ለሦስተኛው ዓይነት የድርሻ መብት ቢጠየቅ ልመና ሳይሆን ፍትሕ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ ሕግ ምንም ባይል ሒስ ዝም ማለት የለበትም። ሕግ የሚጠይቀው «የማን ንብረት ነው?» ብሎ ነው። ሐያሲ መጠየቅ ያለበት «ይህ ሰው ባይኖር ምን ይጎድል ነበር?» ብሎ ነው። በአገራችን ካሴት ላይ «ቅንብር» ተብሎ የሚጻፈው ሦስተኛው መስመር ዋጋው የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው። የዚህ አልበም ነፍስ ያለችው ግጥምና ዜማ ከሚሉት ይልቅ በዚያች መስመር ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ደግሞስ በባለቤትና በቅጥረኛ መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል የጸና ነው? የሪቻርድ ራይትን ነገር እንመልከት። ያ የአምስት ዜማዎች ተካፋይ፣ ከቶሪ ጋር እስኪጋራ ድረስ የሙሾው ብቸኛ ደራሲ፣ በ1979 «ዘ ዎል» የተባለው አልበም ሲሠራ በዋተርስ ግፊት ከባንዱ እንዲወጣ ተደረገ። በ1980 እና በ1981 በተካሄዱት የመድረክ ትርኢቶች ላይ የተጫወተው በደመወዝ እንደተቀጠረ ሙዚቀኛ ነው። ጣቶቹ ያው፣ የሚጫወተው ሙዚቃም የራሱ ነው። የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ ትርኢቶቹ ወጪያቸው ከገቢያቸው በልጦ ባለቤቶቹ ሲከስሩ፣ ያልከሰረው ቅጥረኛው ራይት ብቻ ሆነ።

የመጨረሻው ቃል

አንድ ሰው ቀርቶናል። ዋተርስ አልበሙ ሲሠራ ጥያቄዎችን በካርድ ላይ እየጻፈ በስቱዲዮው አካባቢ ላገኘው ሰው ሁሉ ያቀርብ ነበር። ሞትን ትፈራለህ? ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የመታኸው መቼ ነው? ጥፋቱ የማን ነበር? መልሶቹ እየተቀረጹ በዘፈኖቹ መካከል ገቡ። እዚያው ግቢ ይሠራ የነበረው ፖል ማካርትኒም ተጠይቆ መልሶ ነበር፤ ነገር ግን አነጋገሩ ጥንቃቄ የበዛበት፣ ለማሳመር የታሰበበት ሆኖ ስለተገኘ ተጣለ። የገባው የባንዱ ዕቃ ጫኞችና የጉዞ ኃላፊዎች ንግግር ነው። የቢትልሱ ድምፅ ቀርቶ የሳጥን ተሸካሚው ድምፅ ተመረጠ። ይህን የመረጠው ዋተርስ ራሱ መሆኑን መመስከር ያስፈልጋል። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ «እኛ» የሚለውን ቃል ከማንም በላይ ያውቅበት ነበር።

ከተጠየቁት አንዱ ጄሪ ኦድሪስኮል የተባለ አየርላንዳዊ የስቱዲዮው ዘበኛ ነው። ከቶሪ ሙሾ በፊት መሞትን እንደማይፈራ የሚናገረው እሱ ነው። አልበሙ ሲያልቅም ሙዚቃው ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላ፣ በሜሰን ድራም የተሠራው የልብ ትርታ ብቻ ሲቀር፣ ዘበኛው ተመልሶ ይመጣል። የጨረቃ ጨለማ ገጽ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ነገሩስ ሁሉም ጨለማ እንደሆነ በቀላል አነጋገር ይናገራል። የአልበሙን ስም የሚያፈርሰውም የሚያጸናውም ይህ ንግግር ነው። ከአራቱ አንዳቸውም አልጻፉትም። ቀጥሎ የልብ ትርታው እየራቀ ይሄድና ሸክላው ያልቃል።